የታመመች ጥንቸልና የምሕረት ዕዳችን

በአንድ ቁምስና ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ እኅት ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩልኝ። ጥያቄው የራሳቸው ሳይሆን ከተማሪዎቻቸው የአንዲቱ ነበር። የዐሥር ዓመት ልጅ የሆነችው ይህች ተማሪ በቤቷ የምታሳድጋት ጥንቸል ትታመምባታለች። ወላጆቿም እንስሳዪቱን ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሄዳሉ፤ ለምርመራና ለመድኃኒትም ገንዘብ ይከፍላሉ። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች «ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ለጥንቸል ሐኪም!» እያሉ ያጉረመርማሉ። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ሐኪሙ በሽታው የማይድን መሆኑን ገልጾ፣ ሥቃይዋ እንዳይራዘም በመርፌ ብታርፍ እንደሚሻል ይመክራል፤ አባትየውም ለልጃቸው «ይህ ምሕረት ነው» ብለው ያስረዷታል። ልጅቱ በተከታዩ እሑድ ለመምህርቷ ያቀረበችው ጥያቄ እንግዲህ ሁለት ክፍል አለው። ጥንቸሏን ማሳከማችን ኀጢአት ነበርን? ደግሞስ ለጥንቸሏ ምሕረት የሆነው መርፌ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት ለአያቴ ስለ ምን ምሕረት አይሆንም?

መምህርቷ የመጣላቸውን ሁሉ ከመናገር ታቅበው ጥያቄውን ማስተላለፋቸው መልካም ነው። እኔም መልሱን በግል ደብዳቤ ሳልወስን በዚህ መጽሔት ማውጣቴ፣ በከተማ ቁምስናዎች የሚያስተምሩ ሌሎች ካቴኪስቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ እንደሚገጥማቸው ስለምሰማ ነው። የጠየቀችው ሕፃን ስለሆነች ጥያቄውም የሕፃን ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የመጀመሪያው ክፍል የፍትሕ፣ ሁለተኛው የሰው ልጅ ክብር ጥያቄ ነው፤ በዘርአ ክህነት የግብረ ገብ ትምህርት በተማርንባቸው ዓመታት ከዚህ የሚከብዱ ብዙ ጥያቄዎች አልቀረቡልንም።

በቅድሚያ ጥንቸልን ከሌሎች የቤት እንስሳት የሚለያትን እንመልከት። በሀገራችን እንስሳን ማሳከም እንግዳ ነገር አይደለም። በሬው ሲታመም እርሻው ይቆማል፤ ላሚቱ ስትታመም ልጆች ወተት ያጣሉ፤ አህያዪቱ ስታነክስ የገበያው ሸክም በእናቶች ጀርባ ላይ ይወድቃል። ስለዚህም ገበሬ ለከብቱ መድኃኒት ሲገዛ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ትይዛለች። ጥንቸል ግን አታርስም፣ አትታለብም፣ አትጫንም፣ ሌባ ሲመጣ አትጮኽም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል ተቆጥራ ስለምትገኝ፣ በምግብ ረገድ የኦሪትን ሥርዓት አጥብቆ በያዘው ሕዝባችን ዘንድ ሥጋዋም አይፈለግም። እኛ ካቶሊካውያን በዚህ ሕግ የማንታሰር ብንሆንም አብዛኞቻችን በልማድ ከጎረቤቶቻችን አንለይም። በከተማ ቤት ውስጥ የምትኖረው እንግዲህ ልጆች ስለሚወድዷት ብቻ ነው። ስትታመም የሚደረግላት እንክብካቤ አንዳች ትርፍ የማይጠበቅበት ነው። ጎረቤቶቹን ያስቆጣቸውም ይኸው ይመስለኛል፤ ለበሬ የወጣ ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ለጥንቸል የወጣው ግን ምሕረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለእኔ ጉዳዩን ሊመረመር የሚገባው የሚያደርገውም ይህ ነው። ጥቅም ከምሕረት ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ የትኛው እንደሚያንቀሳቅሰን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ በጥንቸሏ ዘንድ ግን ምሕረት ለብቻው ቆሞ ይታያል።

«ጥንቸል» የሚለው ስም በቋንቋችን ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ያጠቃልላል። አንደኛዋ በደጋው ሜዳ ስትሮጥ የምናያት የዱር ጥንቸል ናት፤ እርሷ ልጆቿን ጠጕር ለብሰው፣ ዐይናቸው ተገልጦ በሣር መካከል ትወልዳለች። ሁለተኛዋ በሽቦ ቤት የምትረባው ናት። የዚህችኛዋ ዘር የመጣው በስፔን፣ በፖርቱጋልና በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኝ ሌላ የዱር ጥንቸል ሲሆን፣ በጉድጓድ ውስጥ ራቁታቸውንና ዐይናቸው ሳይገለጥ የሚወለዱ ልጆች አሏት። ይህን የማነሣው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የቤት ጥንቸል ስትታመም አንዳንድ ሰዎች «ወደ ሜዳ ልቀቋት፣ ፈጣሪዋ ያውቅላታል» የሚል ምክር ይሰጣሉ። በእኛ ሜዳ ላይ ግን የምትመለስበት ቤት የላትም፤ ወገንም ጉድጓድም አይጠብቃትም። ጤነኛ ብትሆን እንኳ ብዙ አትቆይም፤ ታምማ ከሆነ የሚቀበላት ውሻ ወይም ጅብ ነው። ይህ ምክር የእግዚአብሔርን ስም ለሽፋን የያዘ መጣል ነው።

ከዚህ በመነሣት ኀላፊነታችን ከወዴት እንደሚጀምር መናገር ይቻላል። የዱር እንስሳ ሲታመም ሰው ሁሉን ተከትሎ የማስታመም ግዴታ የለበትም። በሽቦ ያጠርናት ጥንቸል ግን የሚሻላትን ቅጠል ፈልጋ መብላት፣ ከብርድ መሸሽ፣ ከፀሐይ መጠለል አትችልም። ይህን ሁሉ የወሰድንባት እኛ ነን። ስለዚህ ዕዳው የሚጀምረው ከፍቅራችን ሳይሆን ካጠርነው ሽቦ ነው። ልጅቱ ጥንቸሏን ባትወድዳት ኖሮ እንኳ ቤተሰቡ ከዚህ ዕዳ ነጻ አይሆንም ነበር።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከምንገምተው በላይ ይናገራል። የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያም እንደ ተሰጠ፣ ከሸክሙ በታች የወደቀውን የጠላትን አህያ እንኳ አልፎ መሄድ እንደማይገባ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 እናነባለን። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 የጻድቅ ሰው አንዱ ምልክት የእንስሳውን ነፍስ ማወቁ እንደ ሆነ ያስተምራል። እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ምሕረት ለነቢዩ ዮናስ ሲናገር በከተማይቱ የነበሩትን ብዙ እንስሳትም ይቆጥራል። እነዚህ በአብዛኛው የሥራ እንስሳት ናቸው ቢባል፣ ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት በነገረው ምሳሌ ውስጥ ያለችውን የድኻውን ጠቦት እናስታውስ (2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12)። ያ ድኻ ሰው ከእንጀራው ያጎርሳት፣ ከጽዋው ያጠጣት፣ በብብቱም ያስተኛት ነበር። ናታን ይህን ሲተርክ ድኻው ለእንስሳ ይህን ያህል ማድረጉን አልነቀፈም፤ ዳዊትም «ድኻ ሆኖ ሳለ እንዴት ምግቡን ለበግ ያካፍላል?» አላለም። የምሳሌው ኀይል ሁሉ የተመሠረተው ያ ፍቅር መልካም መሆኑን ሰሚው ሳይነገረው በማወቁ ላይ ነው።

በሀገራችን ትውፊትም ይህ ልብ አልጠፋም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የምናያቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው፣ በውሃ ጥም የደከመች ወፍ ከዐይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ እንዳጠጣችም ሕዝቡ ይተርካል። ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ለተፈጥሮ ጥበቃ የሚተጉ ሰዎች ባልደረባ አድርገው የሰየሙት እርሱን ነው።

ነገር ግን ለእንስሳ መራራት የሚገባን ስለ ምንድን ነው? ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። እንስሳትም ሥቃይ ይሰማቸዋልና ለእነርሱ መራራትን የለመደ ሰው ለሰው ለመራራት ይበልጥ የተዘጋጀ ይሆናል ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ድመት በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ያደገ ልጅ ወደፊት ምን ዐይነት ባል እንደሚሆን መጠርጠር የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ብንቆም ጥንቸሏ የምሕረት መለማመጃ ሰሌዳ ብቻ ትሆናለች። ጥንቸሏ የምትሠቃየው እኛን ለማስተማር አይደለም፤ ያማታል፤ ሕመሟም የራሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2416 አንድ ርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ሆነው በመኖራቸው ብቻ እንደሚያመሰግኑትና ሰዎችም ደግነት ሊያደርጉላቸው ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ዐዋዲ መልእክት ፍጥረት ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ በእግዚአብሔር ፊት የራሱ ዋጋ እንዳለው በስፋት አብራርተዋል። እንግዲህ ለጥንቸሏ የምናደርገው ነገር ከትርፋችን ላይ የምንጥልላት ፍርፋሪ ብቻ ሳይሆን በተወሰነ መጠን የሚገባት ነው።

«በተወሰነ መጠን» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ መጠኑ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዕውቀት የሌለው ርኅራኄ ጥንቸልን እንደሚገድል ነው።

ጥንቸል በዱር በብዙ አዳኞች የምትፈለግ እንስሳ በመሆኗ ሕመሟን ትሰውራለች። አትጮኽም፤ አታለቅስም። ውሻ ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ ጥንቸል ግን በማእዘኗ ተኰራምታ ዝም ትላለች። ስለዚህ መታመሟን የሚያውቅ ሰው በየቀኑ የሚያያት ብቻ ነው፤ ትናንት የቀረበላት ሣር እንዳለ መቅረቱን፣ በጠጧ ማነሱን ወይም ፈጽሞ መቅረቱን፣ ጥርሷን ማፋጨቷን፣ አንገቷን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሏን የሚያስተውል። አንጀቷ ያለማቋረጥ መሥራት ስላለበት ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ መዋሏ ራሱ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነው፤ «ነገ እናያለን» የሚባልበት ጊዜ የላትም። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊት ጥርሶቿ በዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድጉ፣ ድርቆሽና ሣር በበቂ ካላገኘችና ጥርሷ ካልተሞረደ መንጋጋዋን እየጎዳ ከመብላት ያግዳታል። ልጆች በደግነት ዳቦና ብስኩት ሲያጎርሷት፣ ሣሩ ግን ሲረሳ፣ በሽታው ከዚያው ከደግነቱ ይጀምራል።

ከዚህ የባሰው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከሰው የተረፈ አሞክሲሲሊን አይጠፋም። ብዙ ሰው ለታመመ እንስሳ ከዚያ ቆንጥሮ ይሰጣል። ይህን መድኃኒት ጨምሮ የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ለጥንቸል በአፍ ሲሰጡ በአንጀቷ ውስጥ የሚገኙትንና ምግቧን የሚያብላሉላትን ረቂቃን ሕዋሳት አጥፍተው ሊገድሏት ይችላሉ። ያው ክኒን ሰውን ያድናል፣ ጥንቸልን ይገድላል። እንዲሁም እከክ የያዛትን ጥንቸል በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ወይም ለከብት የሚረጨውን ፀረ ተባይ መርጨት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እከኩ የሚጠፋበት የታወቀ መድኃኒት አለ፣ ልኩን ግን በክብደቷ መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እከኩ ወደሚይዟት ልጆች ቆዳም ሊተላለፍ ስለሚችል ነገሩ የእንስሳዪቱ ብቻ አይደለም። መብላት ያቃታት ጥንቸል ሐኪም ሲፈቅድ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ የተፈጨና የላመ ቅጠል በአፏ ጎን በኩል ጥቂት በጥቂት ይሰጣታል፤ በጥድፊያ ከተሰጣት ወደ ሳንባዋ ይገባል። በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የግብረ ገብ ሊቃውንት አስተዋይነትን የምግባራት መሪ የሚሏት ስለዚህ ነው። መልካም ሐሳብ ብቻውን መልካም ሥራ አይሆንም፤ የምትወድደው ፍጡር ምን እንደ ሆነ ካላወቅህ፣ የምታደርግለት ሁሉ ለራስህ ስሜት የምታደርገው ነው። ልጆቻችን ከታመመች ጥንቸል የሚማሩት ትልቁ ነገር ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ራሷን መግለጽ የማትችለውን ፍጡር በእርሷ መንገድ ማየት።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ማጉረምረም እንመለስ። ከላይ የጠቀስሁት ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይናገራል። በአንድ በኩል እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ለሰው ክብር የማይስማማ መሆኑን፣ በሌላ በኩል የሰውን ችግር ለማቃለል በቅድሚያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል የማይገባ መሆኑን ያስተምራል። እንስሳትን መውደድ ይቻላል፣ ለሰው ብቻ የሚገባውን ፍቅር ግን ለእነርሱ መስጠት አይገባም ይላል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ የተናገሩት ፍጹም መሠረት የሌለው አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ውሾችና ድመቶች የሚወጣውን ወጪ የሰማ አፍሪካዊ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ይህ መመዘኛ በማን እጅ እንደሚያዝ ማየት ያስፈልጋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 በቢታንያ ቤት ሽቱ በፈሰሰ ጊዜ «ይህ ተሽጦ ለድኾች ስለ ምን አልተሰጠም?» ብሎ የጠየቀው ሰው ስለ ድኾች የሚያስብ እንዳልነበረ ወንጌላዊው በግልጽ ይነግረናል። ለጌታ እግር የፈሰሰውን ሽቱ ከጥንቸል መድኃኒት ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። የምለው ይህ ነው፤ ድኻን ስማቸው ሲጠራ ብቻ የምናስታውሰው ሌላው ሰው ሲለግስ ከሆነ፣ ነገሩ ፍትሕ ሳይሆን ንፉግነት ነው። በአንድ ቅዳሜ ምሽት ለመጠጥ የሚወጣው ገንዘብ፣ ለአንድ ሠርግ የሚከራየው የመኪና ሰልፍ፣ የዚያን ቤተሰብ የሕክምና ወጪ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚያ ግን በሰፈሩ ያጉረመረመ አልሰማሁም።

የቤተሰቡ ኅሊና ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ከጎረቤቶቹ ጥያቄ ይልቅ ጠባብና ከባድ ነው፤ ይህ ገንዘብ የማን ነበር? በዓለም ላይ የተራበ ሰው መኖሩ ብቻ ማንኛውንም ሌላ ወጪ ኀጢአት የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ለልጅ መጫወቻ መግዛትም፣ አበባ መትከልም በተከለከለ ነበር። ገንዘቡ ግን ከታመመው የቤተሰብ አባል መድኃኒት፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወይም ለሌላ ሰው መከፈል ካለበት ደመወዝ የተነሣ ከሆነ፣ ጥንቸሏን ማሳከም ስርቆት ይሆናል። በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ልጆቹ ለጥንቸሏ ሌሊት ሲነሡ የሚታይበት፣ የቤት ሠራተኛዪቱ ግን ትኵሳት ይዟት ልብስ የምታጥብበት ቤት አለ። በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ያለው ፍቅር መንገዱን ስቷል። ጥንቸሏ በልታ መዋሏን በየሰዓቱ የሚያይ ዐይን፣ ከገጠር የመጣችው ልጅ በልታ መዋሏን ካላየ፣ ስለ እንስሳት ደግነት የተነገረው ሁሉ ለዚያ ቤት አልተነገረም።

ለጠያቂዋ ልጅ ቤተሰብ ይህ የሚመለከታቸው ስለ መሆኑ ምንም ምልክት የለኝም። እንደ ተጻፈልኝ ከሆነ ያወጡት ገንዘብ በዐቅማቸው ልክ ነበር፤ የአያትየውም መድኃኒት አልተቋረጠም። ስለዚህ ለልጅቱ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ «ኀጢአት አልነበረም፤ የሚገባ ነገር አደረጋችሁ» የሚል ነው። ዐቅሙ የሌለው ቤተሰብ ቢሆን ኖሮስ? ሐኪም መጥራት ባይችል ኀጢአት አይሆንበትም ነበር። ዕዳው በዐቅም ይለካል፤ ሙቀትና ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና ሣር፣ ከውሻ የተጠበቀ ቦታ መስጠት ግን ድኻ ቤትም የሚችለው ነው። የመንግሥት የእንስሳት ጤና ጣቢያዎችም በብዙ ወረዳዎች አሉ፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚኖሩ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቅርብ ይገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ያነሣችውን ልጅ አትቈጡ፤ አያቷ እንዲሞቱ ፈልጋ አይደለም። የሰማችውን ቃል እስከ መጨረሻው አስባዋለች።

ብዙ ሰባኪያን በዚህ ቦታ የሚሰጡት መልስ ሰው በሥቃዩ ውስጥ መጸለይ፣ ይቅር መባባል፣ ሥቃዩን ከክርስቶስ መከራ ጋር ማዋሐድ ይችላል፣ እንስሳ ግን አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው። ጥንቸሏ «ነገ ይሻልሻል» ቢሏት አይገባትም፤ የሚወጋት መርፌ ለምን እንደ ሆነ አታውቅም፤ ከሕመሟ ውጭ የምትመለከተው አድማስ የላትም። ነገር ግን መልሳችን በዚህ ብቻ ላይ ከተመሠረተ አደጋ አለው። አያትየው የልጃቸውን ስም እንኳ የረሱ ቢሆኑስ? ጸሎታቸውን የማያስታውሱ፣ የሚጎበኛቸውን ካህን የማያውቁ ቢሆኑስ? የሰው ክብር የሚመጣው ከመረዳት ችሎታው ከሆነ፣ ችሎታው ሲጠፋ ክብሩም ይጠፋል ማለት ነው። ከዚያም የልጅቱ ጥያቄ መልስ ያጣል።

መሠረቱ ሌላ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9፣ ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ እግዚአብሔር እንስሳትን ለሰው ምግብ አድርጎ ሲሰጥ በዚያው ቃል የሰውን ደም ግን ከእያንዳንዱ እንደሚፈልግ ያስታውቃል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሰው ይህን ወይም ያን ማድረግ ስለሚችል አይልም፣ በእግዚአብሔር መልክ ስለ ተፈጠረ ነው ይላል። መልክ በሕመም አይፋቅም፤ በመርሳትም አይደመሰስም። የእንስሳት ሕይወት በአደራ ተሰጥቶናል፣ የሰው ሕይወት ግን አልተሰጠንም። ለምግባችን ስንል ማረድ የተፈቀደልን እንስሳ፣ ለራሱ ዕረፍት ሲባል ያለ ሥቃይ ቢሞት ከአደራችን ወሰን አንወጣም። በሰው ላይ ግን ሐኪሙም፣ ልጁም፣ በሽተኛው ራሱም ጌታ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ስለ ሕይወት ወንጌል በጻፉት ዐዋዲ መልእክት ይህን አጽንተዋል።

አደራው ገደብ አለው። ሐኪም በሽታው እንደማይድን፣ ሥቃዩም እንደማይቀል ሲመሰክር እንስሳውን በመርፌ ማሳረፍ ምሕረት ሊባል ይችላል። ልጆቹ ስለ ሰለቿት፣ ሽታዋ ስላስቸገረ፣ ወይም ቤት ስለ ቀየርን ማስገደል ግን ምሕረት አይደለም፤ የምሕረትን ስም መዋስ ነው። በዱላ መምታት፣ በውሃ ማስጠም፣ ወይም ምግብ ነፍጎ እስክትሞት መጠበቅም የሚገባ አይደለም።

ወደ አያትየው ስንመለስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሰውን ሕይወት ትጠብቃለች ማለት ሥቃይን ትፈልጋለች ማለት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር በሽተኛው ከዐቅም በላይ የሆነ ልዩ ሕክምና እንዲቀበል እንደማይገደድ፣ ሌላ መንገድ በሌለበትም ሥቃይን ለማስታገስ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ዕድሜን ሊያሳጥር የሚችል ቢሆን እንኳ፣ የሚሰጠው ሞትን በመሻት እስካልሆነ ድረስ የተፈቀደ መሆኑን አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. የእምነት ትምህርት ማኅበር ያወጣው መግለጫም ይህንኑ አጽድቋል። ሊቋረጥ የማይገባው ለማንኛውም በሽተኛ የሚገባው የተለመደ እንክብካቤ ነው፤ ማጉረስ፣ ማጠጣት፣ ማጠብ፣ ጎኑ እንዳይቈስል ማገላበጥ፣ ብቻውን አለመተው። ስለዚህ አባትየው ለልጃቸው ሊነግሯት የሚችሉት ቃል አለ፤ ለጥንቸሏ ማድረግ የምንችለው የመጨረሻው ነገር መርፌው ነበር፣ ለአያትሽ ግን ገና ብዙ ልናደርግላቸው የምንችለው አለ። መምህርቷም ከማስረዳታቸው በፊት ልጅቱ በሳምንት ስንት ጊዜ ከአያቷ አጠገብ እንደምትቀመጥ ቢጠይቋት መልካም ነው። በአልጋ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው በዚያው ቤት ውስጥ ሕይወት እርሱን አልፎ ሲሄድ መስማት ነውና፣ ልጅቱም ጥያቄዋን ያነሣችው ይህን በገዛ ዐይኗ አይታ ሊሆን ይችላል።

የቀሩት ነገሮች አጫጭር ናቸው። ልጆች ጥንቸላቸው መንግሥተ ሰማያት ትገባ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ የደነገገችው የእምነት አንቀጽ ስለሌለ፣ ካቴኪስት «አዎ» ብሎ ለማስደሰት ወይም «አይደለም» ብሎ ለማሳዘን መቸኰል የለበትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 8 ፍጥረት ሁሉ ከጥፋት ባርነት ነጻ መውጣትን በተስፋ እንደሚጠባበቅ ጽፏል፤ ይህን አንብቦ፣ እንዴት እንደሚሆን ግን ለእግዚአብሔር የተተወ መሆኑን መናገር ይበቃል። ስለ ጥንቸሏ መጸለይ ይቻላልን ለሚሉም፣ የቤተ ክርስቲያን የቡራኬ መጽሐፍ ለእንስሳት የሚደረግ ቡራኬን ይዟል፤ ካህን የታመመች እንስሳ እንዲባርክ ቢጠየቅ ሊስቅ አይገባውም። የፍትሐት ጸሎት ግን ለሰው ብቻ ነውና ልጆች ለጨዋታም ቢሆን እርሱን እንዳይቀዱ በፍቅር ይነገራቸው፤ ከዚያ ይልቅ እንስሳዪቱን ስለ ሰጣቸው እግዚአብሔርን በራሳቸው ቃል ያመስግኑ።

ሬሳዋን በቆሻሻ ገንዳ ወይም በወንዝ ዳር መጣል አይገባም። ልጆቹ ራሳቸው በግቢው ጥግ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሯት፤ የሞተችው በተላላፊ በሽታ ከሆነ ኖራ ይነስነስበት። የሽቦ ቤቷ በፈላ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ብዙ ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ሌላ ጥንቸል ከማስገባታችሁ በፊትም ሐኪሙን ጠይቁ።